የነጎድጓድ ኩታ

ኢሳያስ የሕንፃውን የመስታወት በር በትከሻው ገፍቶ ሲገባ፣ ሎቢው ከአፍ እስከ ገደፉ በሰው ሞልቶ አገኘውና እግሩ ባለበት ደርቆ ቀረ።

ቅዳሜ ነው፤ ገና ጎህ አልቀደደም። ውጭ የጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ኢሳያስ ከወፍራም ጃኬቱ ሥር ሰማያዊውን የጀግና ልብስ ለብሷል፤ ከላይ ቀይ ጥለቱ አንገቱን የከበበ ነጭ ኩታ ደርቧል፤ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል። እንዲህ ለብሰህ ና ያለችው የፊልሙ ዳይሬክተር ጸዮን ናት። በዋዜማው ኮል አድርጋ፣ ፀሐይ ስትወጣ ከሕንፃው ጎን ያለው ፓርኪንግ ጣሪያ ላይ የሚቀረጽ ትዕይንት እንዳለ ነገረችውና፣ ልብስ መቀየሪያ ስለሌለን ከቤትህ ለብሰህ ሎቢው ውስጥ ጠብቀኝ አለችው። ልብስ መቀየሪያ ኖሯቸው አያውቅም።

ሰዉ ግን! የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ነርሷ የሆስፒታል ባጇ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የኤርፖርት ጽዳት ሠራተኞች በቡድን፣ እናቶች በነጠላ፣ ሽማግሌዎች በከዘራ። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ አሉ፤ ራዲያተሩ ላይ የተቀመጡ አሉ።

"ጸዮን ይህን ሁሉ ኤክስትራ ከየት አመጣችው?" አለ በልቡ።

መገረሙ ያለ ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ፊልም፣ "ነጎድጓድ"፣ ሲሠራ የከተማዋን ሕዝብ ሆነው የሸሹት ኤክስትራዎች ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በካሜራው ፊት ይሮጣሉ፣ በጀርባው ዞረው ኮፍያ ይቀይራሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ። ልብ ብሎ ላየ ሰው የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሙሉነህ በአንድ ካፖርት አራት ጊዜ ከሞት ያመልጣሉ። ጀግናው ነጎድጓድ ራሱ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነው፤ የተበላሸ ማሞቂያ ሲጠግን ኤሌክትሪክ ይይዘውና ከዚያ ወዲህ መብረቅ በእጁ እየጨበጠ፣ በጥር ብርድ ማሞቂያ የሚዘጋውን ክፉ አከራይ ያርበደብደዋል። የሚበረው በመሰላል ነበር። መሰላሉን በኮምፒውተር አጠፉት፤ ጥላው ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። ፊልሙ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲታይ ምሁራኑ ስለዚያ ጥላ ትርጉም ብዙ ተከራከሩ፤ ጸዮንም አላስተባበለችም።

ነጎድጓድን ሆኖ የሠራው ዘርይሁን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘርይሁን ሠርግ ላይ ሲገባ ሙሽራው ይረሳል፤ ባልቴቶች አከራያቸውን ሲከሱ "ለነጎድጓድ ነው የምነግርብህ" ይሉ ጀመር። እሱ ግን ሩቅ አልበርታ፣ የሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ሥራ አገኘና ኩታውን ለጸዮን ትቶላት ሄደ።

ክፍል ሁለት ሲመጣ ኢሳያስ ተተካ። ኢሳያስ በአራት ዓመቱ ከአገር ቤት መጥቶ ሬክስዴል ሰፈር ያደገ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጸዮን በዩኒቨርሲቲ የተማረችውን የፊልም ጥበብ ሁሉ አሰባስባ ሁለት ውሳኔ ወሰነች። አንደኛ፣ ጀግናው ከአሁን ወዲያ ጭንብል ያጠልቃል፤ ፊቱ ካልታየ ሰው መቀየሩን ማን ያውቃል? ሁለተኛ፣ የኩታው ቀይ ጥለት ወደ አንገት ይውጣ፤ ካሜራ ቀይ ይወዳል።

ሐሙስ የፊልሙን ማስተዋወቂያ፣ ትሬለሩን፣ ዩቲዩብ ላይ ጫኑት። ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ሁሉ "ዘርይሁን የት አለ?" የሚል ነበር። ዓርብ ማታ ደግሞ ከራሱ ከዘርይሁን የድምፅ መልእክት ገባ። ኢሳያስ አልከፈተውም። ሳቅ ሊሆን ይችላል፤ ምክር ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ለመስማት አንጀት አልነበረውም።

አሁን ሎቢው ውስጥ አንዷ እናት ቀና ብላ አየችውና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ሁሉም አዩት። ነርሷ መጥታ አንገቱን አቀፈችና አለቀሰች፤ እንባዋ ሞቅ ብሎ በአንገቱ ወረደ። ከኋላዋ ሾፌሩ፤ ከሾፌሩ ኋላ አንድ የማያውቃቸው አዛውንት።

"እግዜር ያጽናህ" አሉት በየተራ። "አንተም እንደ ወንድሙ ነበርክ።"

ኢሳያስ ተደነቀ። ካሜራው ገና አልበራም፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሥራ ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ትወና በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ከነሱ ማነስ የለብኝም ብሎ ራሱን ደፋ አደረገና "ያጽናን" አለ በወፍራም ድምፅ።

ጋሽ ሙሉነህ ክንዱን ይዘው ወደ ሊፍቱ ጎተቱት። ያው የፊልሙን ካፖርት ለብሰዋል።

"መምጣትህ ደግ ነው ልጄ" አሉት በሹክሹክታ። "ከፊት ሁን። ኩታውን የወረስከው አንተ ነህ።"

"ከፊት ወዴት ነው፣ ጋሼ?"

"አሥራ አራተኛ ፎቅ ነዋ፤ እናቱ ጋ። ተናኘ ለጸሎት ተነስታለች፤ መብራቷ በርቷል። መርዶ እንደሆነ በጠዋት ነው፤ በስልክም አይሆን።"

ያኔ ነው ኢሳያስ አንዲት ሴት የያዘችውን ትልቅ ድስት ልብ ያለው። ክዳኑ ሸርተት ብሏል። ንፍሮ ነው። ለፊልም ተብሎ ንፍሮ የሚቀቅል ሰው የለም።

"ጋሼ" አለ። "ዘርይሁን ሞተ እንዴ?"

ጋሽ ሙሉነህ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። "ምን ማለትህ ነው? ያረዳኸን አንተ አይደለህ?"

ከዚያ በኋላ ያሉትን ኢሳያስ የሰማው ከውኃ በታች እንዳለ ሰው ነበር። ሐሙስ ትሬለሩን አዩ። የዘርይሁንን ኩታ ሌላ ሰው ለብሶ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ጣሪያ ላይ ቆሟል፤ ከጀርባ ድምፅ "እሱ ከሄደ ወዲህ ከተማችን ጨለመች" ይላል። ወደ አልበርታ ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ደወሉ፤ ዝግ ነው። ተሰብስበው መከሩ፤ ማክሰኞ ሳይሞት አይቀርም ተባባሉ።

"ኩታውን ደግሞ ዘቅዝቀህ" አሉ ጋሽ ሙሉነህ። "ሌላ ምን እንዲነገረን ነበር?"

"ዘቅዝቄ ማለት?"

ጋሽ ሙሉነህ በአንድ ጣታቸው አንገቱ ላይ ያለውን ቀይ ጥለት ነኩት።

"ጥለት ከታች ነው የሚውል፣ ልጄ። ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው።"

ኢሳያስ ዞሮ ሎቢውን አየ። የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ ጥለቱ አንገታቸው ላይ ነው፤ ልክ እንደ እሱ። እዚህ አገር ባደገበት ዘመን ሁሉ እናቱ ለልቅሶ ስትወጣ በሩን ከፍቶላታል፤ ነጠላዋን ግን አይቶት አያውቅም።

ስህተት ነው ሊል አፉን ከፈተ። ግን በምን ያውቃል? ማታ የገባውን መልእክት አልሰማውም፤ የመጨረሻ ቃሉ ቢሆንስ? ስልኩ ሁለት ቀን ዝግ የሆነ ሰው ዘንድ ምን እንደደረሰ ማን ያውቃል? እሱ በዘቀዘቀው ኩታ ሰው ገድሎ ይሆናል፤ ወይም ሰው ሞቶ ኩታው ቀድሞ አውቆ ይሆናል። ሊፍቱ ተከፈተ። ከሁለቱ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ እሱን ከፊት አድርገው ታጨቁ፤ የቀረው ሕዝብ ደረጃውን ተያያዘው። ሊፍቱ እያቃሰተ ሲወጣ ከግድግዳው ጀርባ የጫማ ድምፅ ይሰማል፤ የብዙ ሰው፣ የማያቋርጥ። ኢሳያስ በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ያንን ድምፅ አዳመጠ። እሱ ቢሞት ስንት ሰው ነው አሥራ አራት ፎቅ በእግሩ የሚወጣ?

የተናኘ በር በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ጋሽ ሙሉነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እጃቸውን ለማንኳኳት አነሱ። ኢሳያስ ክንዳቸውን ያዘ። ይህን ያህል ሰው ወደ አንዲት እናት በር ሲሄድ እያየ፣ የእሱ ኩራት ምን ያህል ነገር ነው? ስልኩን ከኪሱ አወጣና ከማታ ጀምሮ የፈራውን የዘርይሁንን መልእክት ከፈተ።

"ኢሱ፣ አንተ ጉደኛ!" አለ ዘርይሁን፤ ነፋስ እያፏጨበት። "ትሬለሩን አሁን ገና አየሁት። እዚህ ካምፕ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ነው፤ ባትሪዬም እያለቀ ነው። ሚስድ ኮል በሚስድ ኮል ሆኛለሁ፤ ጋሽ ሙሉነህ ሳይቀሩ ደውለዋል፤ ዕቁብ ወጣልኝ እንዴ? ስማኝማ፤ ኩታዬን ዘቅዝቀኸዋል። እናቴ ሳታይ አስተካክለው፤ የሞትኩ ነው የሚመስላት። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እዚያ ጣሪያ ላይ ዝም ብለህ ቆመህ ከተማውን ስታይ፣ እኔ እንደዚያ መቆም አልቻልኩም ነበር። እኔ የማስበው መሰላሉን ብቻ ነበር። በል ቻው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማማተብ ጀምረው ግማሽ ላይ ረሱት። ጋሽ ሙሉነህ የተነሳ እጃቸውን ማውረድ አቃታቸው። ደረጃውን ጨርሰው የደረሱት እያለከለኩ በር ላይ ቆሙ፤ የሞተው ሰው ድምፅ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በሹክሹክታ ወደ ታች ወረደ፤ አሥራ ሦስተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ፣ እየቀነሰ።

በሩ ተከፈተ።

"ዘርይሁን?" አሉ ወይዘሮ ተናኘ፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። ከዚያ ሰዉን አዩ። ነጠላውን አዩ። ድስቱን አዩ። ፊታቸው ወዲያው አመድ መሰለ። "ማን ሞተ?"

ኢሳያስ ጭንብሉን ከራሱ ላይ አወለቀና ቀረባቸው።

"ማንም አልሞተም፣ እማማ ተናኘ። ዘርይሁን ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኩታውን አላወቅሁበትም።"

"የልጄን ድምፅ ሰምቻለሁ።"

"እዚህ ውስጥ ነው፤ ይስሙት።"

ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ ደግመው ሰሙት። ቀና ሲሉ ኮሪደሩን ማዶ ለማዶ አዩት፤ ደረጃውን፣ ከደረጃው ላይ የሚንጠራሩትን ራሶች፣ ዩኒፎርሙን፣ ባጁን፣ ከዘራውን። ወይዘሮ ተናኘ ያንን ፊልም አይተውት አያውቁም። ልጃቸውን መሰላል ላይ ተንጠልጥለህ ሰው ልታስቅብኝ ነው ወይ ያስተማርኩህ ብለው የተቀየሙት ገና አልወጣላቸውም ነበር።

"ይህ ሁሉ ሰው" አሉ ቀስ ብለው፣ "ለኔ ልጅ ነው?"

መልሱ ራሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

እጃቸውን ዘርግተው ኩታውን ከኢሳያስ ትከሻ ላይ አነሱ፤ አንዴ አራገፉት፤ ገልብጠው መልሰው ደረቡለት። ቀዩ ጥለት እግሩ ጋ ወረደ።

"ሥራ የለቀቀ ሰው ይተካል፣ ልጄ" አሉት። "ተተክተህ እንደሆነ ተተካ። ግን ፊትህን ሸፍነህ ስትመጣ ነው ሰው የሞተ የሚመስል።"

ከኋላ ነርሷ ነጠላዋን ገለበጠች። አጠገቧ ያለችውም ገለበጠች። ከዚያ ኮሪደሩ ሁሉ፣ ከዚያ ደረጃው ሁሉ ተንኮሻኮሸ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ጥለት ከአንገት ወደ ታች እየወረደ፣ ኢሳያስ ትንፋሹን ይዞ አየው። ጸዮን ያላትን ሁሉ ብትሸጥ፣ የትኛውም ኮምፒውተር ይህን አይሠራላትም ነበር።

ጸዮን የደረሰችው ያኔ ነው፤ ካሜራዋን አቅፋ፣ ትንፋሽ አጥሯት። ኮሪደሩን አይታ ዓይኗ ፈጠጠ።

"ይህን ሁሉ ኤክስትራ ማን አመጣልኝ?"

"ሞት ነዋ" አሉ ጋሽ ሙሉነህ። "ተሳስቶ መጥቶ ሄደ።"

ተመካክረው፣ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሕዝብ እንዲሁ ከሚበተን ወደ ፓርኪንጉ ጣሪያ ይውጣ ተባለ። ጋሽ ሙሉነህ ዘንድሮ የማይሮጡ መሆናቸውን አስቀድመው አስታወቁ። ንፍሮው ሳይበላ አይመለስም ያሉት ግን ራሳቸው ወይዘሮ ተናኘ ናቸው፤ ድስቱን አስይዘው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የልጃቸውን ፊልም ሊያዩ ወጡ።

ጣሪያው ላይ ሰማዩ በረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መካከል ሊቀላ ጀምሯል። ሕዝቡ ትንፋሹ እየጨሰ ከኢሳያስ ጀርባ ተሰለፈ። ጸዮን ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ፣ ፀሐይ እየወጣች ነው፣ ሁለተኛ ዕድል የለንም እያለች ጮኸች።

"ኢሱ፣ ጭንብሉን!"

ኢሳያስ ጭንብሉን በእጁ ይዞ አየው። ከዚያ አጣጥፎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ጃኬቱን አውልቆ ጋሽ ሙሉነህን አስያዘና ኩታውን መልሶ ደርቦ፣ ባዶ ፊቱን ይዞ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ሄደ።