ክዳን የሌላት ብዕር

ምንዋጋው ብዕሩን ከደረት ኪሱ ባወጣ ቁጥር እኔ ሥራ እፈታለሁ። ፊቴ የተቀመጠው ባለጉዳይ "ከዚያስ ምን ተብሎ ይጻፍ ጌታዬ?" ቢለኝ አልሰማውም። እንደዚያች ያለች ብዕር በሰቆጣ ሌላ አልነበረችም። ክዳን የላትም። ጭራዋን በአውራ ጣት ጫን ሲሏት "ቀጭ!" ትልና ወርቃማው ጫፏ በአፏ ብቅ ይላል። ደግመው ሲጫኗት ጫፉ ተመልሶ ይገባል፤ ከኋላውም እንደ ዐይን ቆብ ያለች ስስ መዝጊያ ትከደናለች። ስለዚህ ቀለሙ አይደርቅም። አንድ ዳኛ በ1960 ዓ.ም. ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወሩ ነው የሰጡት። እሱ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ደጅይጥኑ ደግሞ ከግቢው ውጭ ግራር ሥር ተቀምጬ፣ ተራ ብዕር ቀለም ውስጥ እየነከርሁ ማመልከቻ እጽፋለሁ።

በዚህች ብዕር ሁለታችንም አብደን ነበር ማለት ይቻላል። ማንጠልጠያዋ በአፏ በኩል ስለሆነ ኪስ ውስጥ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትቀመጠው፤ ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ እንባባል ነበር። አንድ ጊዜ ምንዋጋው ለሥራ አበርገሌ ቆላ ወርዶ ወደ ደጋው ሲመለስ፣ እንደዚያም ሆና ቀለሟን ነጭ ሸሚዙ ላይ ተፋችበት። ያዘነው ለሸሚዙ ሳይሆን ለቀለሙ ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ ለብ ባለ ውኃ ስናጥባት ዋልን። ሚስቱ ብትታመም እንዲያ ያስታምማት እንደሆነ እንጃ። ደስ ባለው ቀን "በል፣ አንድ መስመር" ይልና ይሰጠኛል። ከአንድ መስመር በላይ አያስጽፈኝም። ስስታም ሆኖ አይደለም፤ የኔ ብትሆን እኔም አላስጽፈውም።

በኅዳር የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። ማኅበርተኛው ቤቴ ተሰብስቦ ሲበላ ሲጠጣ ዋለ። ምንዋጋው የጠላውን ጋን ሊያግዘኝ ሲነሳ ኮቱን ከነብዕሯ አውልቆ ግድግዳው ችካል ላይ ሰቀለው። በማግስቱ ገና ግራሬ ሥር ከመቀመጤ መጥቶ ቆመብኝ።

"ደጅይጥኑ፣ ቀልዱን ተውና ስጠኝ።"

"ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ። ኮቴን ያወለቅሁት አንተ ቤት ነው።"

ይህን ያለኝ በባለጉዳይ ፊት ነው። ደሜ ቶሎ ይፈላል፤ ተነስቼ አንገቱን ልይዘው ስል ሰዎች ገላገሉን። ወሬው ገበያውን ሲያዳርስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲያ ማመልከቻ የሚያስጽፈኝ ጠፋ፤ ጉዳዩን ለሌባ የሚያዋይ ማን አለ? "የወሰዳት እጁ ይቆረጥ!" እያልሁ ቤቴ ገባሁ፣ ያንኑ እያልሁ ተመልሼ ወጣሁ።

በቀጥታ የሄድሁት የደብራችን ቄስ ዘንድ ነው፤ መምሬ ወልደ ጻድቅ ዘንድ። ግዝት ይነገርልኝ አልኋቸው።

"ለብዕር?" አሉኝ። "ተው ልጄ፣ ግዝት መጫወቻ አይደለም።"

"ለስሜ ነው አባቴ። የወሰደ፣ ወስዶም የሸሸገ ይገዘት። እዚሁ ደጀ ሰላም በሕዝብ ፊት ቆሞ 'እኔ ነኝ' ሳይል አይፈታ።"

ለመንኋቸው፣ ነዘነዝኋቸው፤ እሺ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን አንስተው ልክ እኔ እንዳልሁት አወገዙ። ከሁሉ ቀድሜ "አሜን!" ያልሁት እኔ ነኝ፤ ምንዋጋውን ዐይን ዐይኑን እያየሁ። እውነተኛ ነበርሁና ደስ አለኝ።

ሚስቴ አገኘሁሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ አለች። የመውለጃዋ ጊዜ ደርሷል። ከዚህ በፊት የፀነሰቻቸው አልጸኑላትም፤ ይህ ግን ጸንቶላት በተስፋ ነበርን። ሲከፋት በኽምጣኛ የምታጉረመርም ሴት በዚያ ሰሞን በአማርኛም በኽምጣኛም ዝም አለች። ምን ሆነሻል ብዬ አጥብቄ ስይዛት ተነሳች፤ የተልባውን ከረጢት ፈታችና እጇን ከተተች። ስታወጣው ብዕሯ መዳፏ ላይ ነበረች።

ብዕሯን ከመዳፏ ነጠቅኋት።

"ሁልጊዜ ይህችን ብዕር የያዝህ ይመስል ጣትህን ጭንህ ላይ እየገፋህ ትጽፍ የለ?" አለችኝ። "አንድ ቀን እንኳ እጁ ላይ ትዋል ብዬ ነው። እኔም ስጫናት ደስ አለችኝ፣ አልዋሽህም። ጠዋት ልነግርህ ስል ወጥተሃል፤ ስትመለስ 'እጁ ይቆረጥ' እያልህ ገባህ። ምን ብዬ ልንገርህ?"

"ከግዝቱ በፊት ብትነግሪኝ ምን ነበር?"

"ፈራሁህ።" ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። "አሁን ምጥ ላይ ብቀር በግዝቱ እንደታሰርሁ ነው የምሞት። ፍትሐት የለኝ፣ ልጄንም ይዤው እሄዳለሁ።"

ልናደድ ብል እንኳ አልቻልሁም። ያንን ሆድ ይዛ ደጀ ሰላም ቆማ ሌባ ስትባል ታየኝ። "ተይው፣ እኔ አስፈታሻለሁ" አልኋት። እንዴት እንደሆነ አልነገርኋትም።

በቀጣዩ እሑድ ሕዝቡ ሳይበተን ወጥቼ ቆምሁ። ብዕሯን ከፍ አደረግሁና "የወሰድኋት እኔ ነኝ" አልሁ። አሜን ብሎ የጮኸውን ሰው ሁሉም ያስታውሳል። ምንዋጋው መጥቶ ከእጄ ተቀበለኝ፤ በጋቢው ጫፍ ጠረጋት፣ እኔን ግን አላየኝም።

መምሬ የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ።

"ወልደ ኢየሱስ።"

"ወልደ ኢየሱስ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ። ስሜ አፈር በላ፤ ግራሩን ሌላ ጻፊ እንደሚቀመጥበት አወቅሁ። ይሁን! እየሮጥሁ ቤቴ ገባሁና "ተፈታሽ!" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። "በማን ስም?"

"እኔ ነኝ አልኋቸው…"

"በማን ስም ፈቱ? ወለተ ሐና ብለው ጠሩ?" የክርስትና ስሟ ነው።

"የጠሩት የእኔን ስም ነው" አልኋት።

"እንግዲያ የተፈታኸው አንተ ነህ። ያልታሰርኸው" አለችና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ተከተልኋት።

መምሬ ከጥቂት ሰዎች ጋር ገና በር ላይ ነበሩ። እግራቸው ሥር በጉልበቷ ወደቀች። "ብዕሯን የወሰድሁት እኔ ነኝ አባቴ። ወለተ ሐና ብለው ይፍቱኝ።"

መምሬ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። "ባልሽ ነው የላከሽ?"

"እውነቷን ነው አባቴ!" ብዬ ጮህሁ። "የዋሸሁ እኔ ነኝ!"

ምንዋጋው ከኋላዬ ሳቀ፤ የመረረ ሳቅ። "ያን እለት አሜን አልህ። ቅድም እኔ ነኝ አልህ። አሁን ደግሞ እሷ ናት? እንደው ትንሽ አታፍርም? ነፍሰ ጡር ሚስትህን!"

በእግዚአብሔር ስም ማልሁ፣ በሚካኤል ማልሁ። በማልሁ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁርብኛል። አገኘሁሽ የመምሬን እግር ይዛ ችካሉን፣ ኮቱን፣ የተልባውን ከረጢት ሁሉ ነገረቻቸው፤ እንባዋ ጫማቸውን አራሰው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በርኅራኄ አነሷት።

"ባልሽን ከውርደት ለማዳን መሆኑ ይገባኛል ልጄ። አንቺማ ንጹሕ ነሽ። ያላሰርሁትን ምን ብዬ ልፍታ? ሂጂ ቤትሽ፣ በሰላም ያገላግልሽ።"

በሩን ዘግተው ሄዱ። ክንዷን ይዤ ቁልቁል ወረድን። "ነገ እንመለሳለን፣ እግራቸው ላይ እተኛለሁ፣ እስኪያምኑኝ አልነሳም" እላታለሁ። ከአንድ የድንጋይ ካብ ዘንድ ስንደርስ ቆመች፤ ካቡን በሁለት እጇ ሙጭጭ አድርጋ ያዘችው።

"ምን ሆንሽ?"

"ጀመረኝ" አለች።