የዶኛ ሁስታ ፊሽካ

"ኧረ እጅዎን ያንሱ፣ አበልጄ! ጥብጣቡን እንዳይነኩት!"

ኤሎይ ይህን የጮኸው ግማሽ አካሉን ከጋቢናው አውጥቶ ነው። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። ማዶ በኢሊማኒ ተራራ ላይ የተከመረው በረዶ ያን ጠዋት ያልተናደው ለትንሽ ነው። ዶኛ ሁስታ ግን ዞር ብላም አላየችው። በመኪናው የፊት ግራ ጎማ ዘንድ ተንበርክካ፣ ቸርኬው ላይ የተጠመጠመውን ቀይና ቢጫ የወረቀት ጥብጣብ በአንድ እጇ ጨብጣ፣ እርጥቡን መሬት ትኩር ብላ ታያለች።

በኤል አልቶ ከተማ ዶኛ ሁስታ ካላሳያን የማያውቅ ሾፌር ካለ፣ ወይ ትናንት የተወለደ ነው ወይ መንጃ ፈቃዱ የውሸት ነው። ከዶን ሳቱርኒኖ የዱቄትና የፓስታ መጋዘን ጠዋት ጠዋት የሚወጡትን የጭነት መኪኖች ፈትሻ የምትለቅ እሷ ናት። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የናስ ፊሽካ ካልነፋች፣ ዘበኛው ፌርሚን ጄኔራል ከነታንኩ ቢመጣ በሩን አይከፍትም። ድርብርብ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ካርቶን አንጥፋ፣ በጀርባዋ ተንሸራታ ከመኪና ሥር ስትገባ ክብ ባርኔጣዋ ከራሷ ላይ ንቅንቅ አይልም። እንዴት እንደሆነ የመሬት ስበትን ጠይቁት። የላላ ብሎን በድምፁ ትለያለች። አንድ ቀን ቁርሷን እየበላች ከግንቡ ማዶ የሚያልፍ አውቶቡስ ሰማችና "የዚህ የኋላ ባሌስትራው አልቆለታል" አለች። አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ቁጭ አለ። ሰፈሩ በሙሉ ምስክር ነው፤ ያልነበሩት ሳይቀሩ ይመሰክራሉ።

ትናንት የካርኒቫል ማክሰኞ ነበር። በዚያ ቀን እኛ ዘንድ ቤቱም ሱቁም መኪናውም ይመረቃል። ቢራ ይፈስሳል፣ የድርሻዋን ምድር እናታችን ትጠጣለች፣ ባለቀለም ወረቀት ይበተናል፣ ርችት ይተኮሳል። አዲስ የተገዛ መኪና ደግሞ ልክ እንደ ሕፃን የክርስትና እናት ትቆምለታለች። ለኤሎይ መኪና ለሮሳውራ የቆመችላት ዶኛ ሁስታ ነበረች፤ አበልጅነታቸው ከዚያ ነው። ጥብጣቡንም ያሰረችው እሷው ናት። አንዴ የታሰረ ጥብጣብ በሰው እጅ አይፈታም፤ ፀሐይና ዝናብ በልቶት በራሱ ጊዜ ይወድቃል። ቸኩሎ የፈታ ሰው ዕድሉን ፈታ ማለት ነው።

ኤሎይ ደግሞ የሚፈታ ዕድል አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ሮሳውራን የገዛት ከአባቱ የወረሳቸውን ጭነት ተሸካሚ ላማዎች አንዲት ሳያስቀር ሸጦ ነው። የዛሬው በራሱ መኪና የሚጭነው የመጀመሪያ ጭነት ነው፤ በገደል መንገድ ቁልቁል ወደ ቆላው ዩንጋስ። ዶን ሳቱርኒኖም ቁርጡን ነግሮታል። "ጉሙ ገደሉን ሳይሸፍነው ከወረድክ የዩንጋስ መስመር ያንተ ነው። ካረፈድክ ግን ለሌላ እሰጠዋለሁ። እዚያ ያሉት ባለሱቆች ከበዓሉ ወዲህ ጭብጥ ዱቄት የላቸውም።"

ያን ጠዋት የተሰለፈው መኪና ሁሉ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ነበር። ዶኛ ሁስታ እንደ አዋላጅ እጇን በጥብጣቡ ሥር እያሾለከች፣ አንድ ወረቀት ሳትበጥስ፣ ከፊት ያሉትን አንድ በአንድ ለቀቀቻቸው። ሮሳውራ ላይ ግን የኤል አልቶ ካርኒቫል በሙሉ የተገለበጠባት ይመስላል። ጎማዋ እንኳ አይታይም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ዶኛ ሁስታ፣ ከጎማው ሥር ያለውን እርጥብ እያሳየች።

"ቢራ ነዋ! ትናንት ማን ነው ሣጥን ሙሉ ያፈሰሰባት? እርስዎ አይደሉም?"

"የእኔ ቢራ ሲደርቅ አድሯል።"

ሌባ ጣቷን ነክራ ከአውራ ጣቷ ጋር አሸችው። አሸተተችው።

"ቢራ ያጣብቃል። ይሄ ያሟልጫል። ግባና ፍሬን ርገጥ።"

"አበልጄ፣ ጉሙ..."

"ርገጥ አልኩህ!"

ረገጠ። ከጥብጣቡ መሃል አንዲት ጠብታ ወረደች፤ ተከትላ ሌላዋ።

ዶኛ ሁስታ ጥብጣቡን ሳበችው። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ አረንጓዴውም በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ክላክሳቸውን ሲያስጮኹ የነበሩት ከኋላ የተሰለፉ ሾፌሮች እጃቸውን አነሡ። ባርኔጣውን ያወለቀ አለ፤ ያማተበም አለ። ኤሎይ ከጋቢናው ወርዶ የአንድ ሰው ሬሳ የወጣ ይመስል እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

እሷ ካርቶኗን አንጥፋ ከሥር ገባች። ትንሽ ቆይታ ድምፅዋ ወጣ።

"ኤሎይ! ርችቱን ከዚህ ጎማ ኋላ የሰቀለው ማነው?"

"እኔ ነኝ... ሰው መሬት ላይ ነው የሚያፈነዳው፤ እኔ ደግሞ ጎማዋም ይባረክላት ብዬ..."

"ክብሪቱን የጫረውስ?"

ክብሪት መጫር የክርስትና እናት ክብር እንደሆነ የማያውቅ እዚያ ግቢ ውስጥ የለም።

ዶኛ ሁስታ ተንሸራታ ወጣች። ባርኔጣዋ ቦታው ላይ ነው። ወደ ሾፌሮቹ ዞራ፣ ከታች ሸለቆው ውስጥ ያለችው ላ ፓዝ ከተማ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች፦

"ስሙ! የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ተለብልቦ ተሰነጣጥቋል። የለበለብኩት እኔ ነኝ። የገዛ ክርስትና ልጄን! ሌላ ርችት ጎማ ላይ የሰቀለ ካለ ሳልደርስበት ይናገር!"

ሁለት ሾፌሮች ቀስ ብለው ወደ መኪናቸው ሄደው ጎንበስ አሉ።

ዶን ሳቱርኒኖ ከቢሮው ወጣ። መጀመሪያ ያየው ሮሳውራን ሳይሆን ተራራውን ነው። ነጭ ጉም ከጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ዶኛ ሁስታ፣ ጠብታ እኮ ናት። ቀስ ብሎ ይውረድና ሲመለስ ትሠሪለታለሽ። ጠርዙን እስኪሞላ የተጫነ መኪና እንዴት ላቆም?"

"ጠርዙን እስኪሞላ ስለተጫነች ነው እኮ።" ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ መዳፉ ላይ አኖረችው። "ትውረድ ካሉ እርስዎ ይንፉት።"

ዶን ሳቱርኒኖ በሕይወቱ ብዙ ነገር ይዟል፤ የያን ፊሽካ ያህል የከበደው የለም ቢባል ማጋነን አይደለም። ፊሽካውን አየ፤ እስከ ጋቢናው ቁመት የተቆለለውን ዱቄት አየ፤ ኤሎይን አየ። ፌርሚን በሩን ይዞ ይጠብቃል። በመጨረሻ ፊሽካውን መለሰላት።

"መደርደሪያው ላይ አዲስ ቱቦ አለ። ለራሴ መኪና ያስቀመጥኩት ነው። ውሰጂው።" ሊሄድ ብሎ ተመለሰና "ጉሙ ግን አይጠብቀኝም፣ ዶኛ ሁስታ፤ እኔም አልጠብቅም" አለ።

ዶኛ ሁስታ ቱቦውን ቀየረች። እንዴት ቀየረችው? ዓይኑን ያርገበገበ አላያትም። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሱን አላቻኮለችም። ከሥር ሆና ኤሎይን ታዘዋለች፦ "ርገጥ። ያዝ። ልቀቅ። እንደገና።" ሰማዩ እየነጣ ሲመጣ እንኳ ድምፅዋ አልፈጠነም። አረፋው አልቆ ጥሩ ዘይት እስኪመጣ ድረስ "እንደገና" ትል ነበር።

"አሁን ሂድ" አለች ተነሥታ እጇን እየጠረገች። "ድንጋይ ላይ የቆምክ ያህል ይይዝልሃል።"

ኤሎይ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

"አልወርድም።"

"ምን?"

"አልወርድም፣ አበልጄ። ፍሬኑን አልጠረጠርኩም፤ የእርስዎ እጅ ነው። ግን ይሄው፣ ዕድሏ መሬት ላይ ተበጣጥሶ እያየሁት? ከነሙሉ ጥብጣባቸው የወረዱትንም ገደሉ በልቷቸዋል።"

"ላማዎቹን ይመልሱልሃ!" አለ አንዱ ሾፌር ከኋላ። ሌሎቹ ሳቁ። "እነሱ ፍሬን አያስፈልጋቸውም!"

ዶኛ ሁስታ አልሳቀችም። ብሎን እንደምታምነው ሁሉ ጥብጣብም ታምናለች። የወዳደቀውን ወረቀት አየች። የተበጠሰ ጥብጣብ ተመልሶ አይታሰርም። ጉሙ ደግሞ አንገቱን አስግጓል።

ፊሽካውን ከአንገቷ አወጣች። ገመዱን በሮሳውራ ስፖኪዮ ላይ ዞር ዞር አድርጋ አሰረችው፤ በጥርሷ ጭምር ጎትታ አጠበቀችው።

"ይሄ ፊሽካ የለቀቀው መኪና ሳይመለስ ቀርቶ ያውቃል?"

"አያውቅም" አለ ኤሎይ።

"ስጦታ እንዳይመስልህ። አውሼህ ነው። ነገ ጠዋት ይሄ በር የሚከፈተው በእሱ ነው፤ በእጅህ አምጥተህ ካላስረከብከኝ መጋዘኑ በሙሉ ተዘግቶ ይውላል። ዶን ሳቱርኒኖ ደግሞ የሚበላው አንተን ነው። እንግዲህ ቀስ እያልክ ንዳ።"

ኤሎይ ፊሽካውን አየው። ስፖኪዮው ላይ ናሱ ያብለጨልጫል። ሞተሩን አስነሣ።

"ዶኛ ሁስታ!" ፌርሚን ከበሩ ጮኸ። "እኔ ያለ ፊሽካ አልከፍትም! ራስዎ ነዎት ያዘዙኝ!"

"ጎሽ! አትክፈት!"

ሁለት ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ ደህና አድርጋ ጠረገች፤ የፍሬን ዘይት እንዴት እንደሚመር ታውቃለች። ከዚያ አፏ ውስጥ ከታ አፏጨች። የጎረቤት ውሾች በሙሉ ተነሡ፤ የካርኒቫል ስካር የጣላቸው ሰዎች ከየአልጋቸው ተቀመጡ። ፌርሚን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፤ ሮሳውራ አንድ ጎማዋ እርቃኑን እንደሆነ፣ ቀስ ብላ፣ ጉሙን ቀድማ ወጣች።

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሩ በጣት ፉጨት ከተከፈተ ነገ ፊሽካው ለምን ያስፈልጋል ብሎ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።