የሚያምኑት ሰው ስልክ

የጋሽ መቀስ ስልክ አሁንም ተይዟል። አስተባባሪዋ ለዘጠነኛ ጊዜ ደወለች፤ ለዘጠነኛ ጊዜም ያቺ ድምፀ መልካም የማሽን ሴት መስመሩ መያዙን ነገረቻት።

«አንቺ ምን አለብሽ!» አለቻት አስተባባሪዋ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እየደፋች።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ እግራቸው የተወላገደ ወንበሮችና አንዲት ማተሚያ ባሉባት ክፍል ውስጥ፣ ዛሬ የደስታ ቀን መሆን ነበረበት። ሦስቱ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ሁለት ወር የለፉበት ወረቀት፣ «የጠፋ የይለፍ ቃል እንዴት ይመለሳል?» የሚለው መመሪያ፣ ማለዳ ወጥቷል። ሁለት መቶ ሃያ ቅጂ በየጤና ጣቢያው፣ በየፌርማታውና በየገበያው ታድሏል። ጸሐፊዎቹ ጽፈውታል፣ ሞካሪዎቹ ሞክረውታል፣ ሠዓሊዎቹ አሳምረውታል። እሷ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ እነዚህን ሠላሳ አራት ሰዎች እንደ ጫጩት ስትሰበስብ ከርማለች። አንዱ ካሳለ «ጃኬት አልለበስክማ!» ትላለች፤ ሌላዋ መልእክት ሳትመልስ ከዋለች ታማ ይሆን ብላ ምሳዋ አይወርድላትም።

ከሁሉም የምትሳሳው ግን ለጋሽ መቀስ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ለሞካሪነት ያስመረጣቸው ስለ ኢንተርኔት ምንም አለማወቃቸው ነው፤ «እሳቸው ከገባቸው ለሁሉም ገባ» ትላለች። ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ገብታለች። «ምን ተገኘ?» ልትል ብትደውል፣ ይኸው ሁለት ሰዓት ሙሉ መስመሩ አልለቅ አለ።

ወድቀው ይሆን? ወይስ ካውያው ጨርቅ ላይ ተረስቶ ቤቱ በጭስ ታፍኗል? ደግ ነገር ማሰብ አልሆነላትም። ሐሳቧ ሁልጊዜ ሜዳውን ትቶ ገደሉን ነው የሚመርጠው።

ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል አንዲት ሴት በሩን አንኳኩታ ገባች። እጇ ላይ መመሪያው አለ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይሄን የምታወጡት እናንተ ናችሁ? እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ከታች ያለው ስልክ ሁሌ ተይዟል። ሌላ ቁጥር የላችሁም?»

«የምን ስልክ? ወረቀቱ ላይ ስልክ የለም።»

ሴትየዋ በጣቷ አሳየቻት። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፤ «አሁንም ካልተሳካልዎ የሚያምኑትን ሰው ይጠይቁ። የሚያምኑት ሰው ስልክ፦»። ከዚያ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ነበር መኖር ያለበት፤ ወረቀቱን የወሰደ ሰው የልጁን ወይም የጎረቤቱን ቁጥር እንዲጽፍበት። ክፍት ቦታው ላይ ግን ቁጥር በሚያምር ሰማያዊ ቀለም ታትሟል። አስተባባሪዋ እስከ መጨረሻው ማንበብ አላስፈለጋትም፤ ከጠዋት ጀምሮ ዘጠኝ ጊዜ ደውላበታለች።

«ወይኔ ጉዴ!»

የሠዓሊዎቹን ቡድን ወደምትመራው ልጅ ደወለች። ልጅቷ ወዲያው አነሳች።

«የጋሽ መቀስን ቁጥር ማነው እዚህ ላይ ያተመው?»

«ራሳቸው ናቸው የጻፉት እትዬ። ከሞካሪዎቹ በመጣው ወረቀት ላይ፣ በገዛ እጃቸው።»

«ታዲያ ዝም ብለሽ ትገለብጪዋለሽ? ዓይን የለሽም?»

«ዓይንማ ነበረኝ፤ እርስዎ ከለከሉኝ እንጂ።» ሠዓሊዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «‹ሞካሪ ከጻፈው አንዲት ፊደል የነካ ወዮለት› ያለው ማን ነበር? ግድግዳው ላይ አለ እኮ፣ ቀና ይበሉ።»

ቀና አለች። አለ። በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ በቀይ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። ባለፈው ዓመት ሞካሪዎቹ «ጥርስ ያላት ክብ» ያሏትን የሴቲንግ ምልክት ሠዓሊዎቹ «የቅንብር አዶ» ብለው አሳምረው፣ ሕዝቡ ሁሉ አዶ ፍለጋ ስልኩን ሲያገላብጥ ከከረመ በኋላ ያወጣችው ሕግ ነው።

«በገዛ እጄ!» አለች። ከዚያ ለሦስቱም ቡድን በቴሌግራም ጻፈች፤ «ሁላችሁም! ወረቀቱን ሰብስቡ! አሁኑኑ!»

«ገና አድዬ ሳልቀመጥ?» ብሎ መለሰ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ የሆነ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ።

የጋሽ መቀስ ስፌት ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በጸሎት ደረሰችበት። በሩን ስትገፋው ጋሽ መቀስ በሕይወት አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ሆነው ስልክ ላይ ይጮኻሉ።

«አትቸኩል ልጄ! ከቸኮልክ ጨርቁን ታበላሸዋለህ። ጥርስ ያላትን ክብ አየሃት? እሷን ንካት። ጎሽ! አሁን ምን አለህ? አዲስ የይለፍ ቃል? እሰይ! ጻፈው፣ ለማንም እንዳትናገር። ለእኔም ቢሆን!»

ስልኩን ዘጉና በጠመኔ ጥቁር የኮት ጨርቅ ላይ አንድ ጭረት ጨመሩ።

«ሃያ ሁለት» አሉ። «እህቴ፣ ምን ጉድ ነው የለቀቃችሁብኝ?»

«ጋሼ፣ ቁጥርዎን እዚያ ላይ ምን ብለው ጻፉት?»

«‹የሚያምኑት ሰው ስልክ› ይላል። አሰብኩ፣ አሰብኩ። ከራሴ በላይ ማንን አምናለሁ?»

መሳቅም ማልቀስም አማራት። አንዱንም ሳትመርጥ ስልኩ ጮኸ።

«አያንሱት!»

«እንዴት አላነሳ! የልጄ ባል ስልኩ ተበላሽቶ፣ ከነርሶቹ ስልክ እደውላለሁ ብሎኛል። የነርሶቹን ቁጥር በምን አውቄ? የማላውቀው ቁጥር ሁሉ እሱ ሊሆን ይችላል።»

«እሺ፣ ያንሱና እሱ ካልሆነ ይዝጉት!»

«ሰው ‹አባቴ ይርዱኝ› እያለኝ ጆሮው ላይ ልዝጋ? አንቺ ትዘጊያለሽ?»

«እዘጋለሁ እንጂ! ልጅቷ ምጥ ላይ ሆና!» ስልኩን ከእጃቸው ቀማቻቸው። «ሃሎ! ከሆስፒታል ነው?»

«አይ እመቤቴ» አለ ቀጭን የአሮጊት ድምፅ። «አስተማሪ ነበርኩ። የባለቤቴ ፎቶዎች ሁሉ አካውንቴ ውስጥ ናቸው። እሱ ከሞተ ወዲህ የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ። ልጆቼን ስለምናቸው ‹እሁድ እናየዋለን› ይሉኛል። እሁዱም ይመጣል፣ ይሄዳል።»

አስተባባሪዋ «ተሳስተዋል» ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው።

«ወረቀቱ እጅዎ ላይ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ከሁለተኛው መስመር እንጀምር። ቀስ ብለው፣ አይጨነቁ።»

ጋሽ መቀስ እጃቸውን አጣምረው ያዩዋታል። «እዘጋለሁ አላልሽም?» አሉ በሹክሹክታ። ዝም ይበሉ ብላ እጇን አወናጨፈች። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። አሮጊቷ አንዴ ተሳሳቱ፣ አንዴ መነጽራቸውን ፍለጋ ሄዱ። በመጨረሻ ከወዲያኛው ጫፍ ትንሽ ጩኸት ተሰማ።

«ይኸው! ይኸው ኮፍያውን አድርጎ! ቆይ… ይቺ ደግሞ እኔ ነኝ? እንዲህ ቆንጆ ነበርኩ እንዴ?»

ስልኩን ስትዘጋው የግድግዳውን ሰዓት አየችና ደነገጠች። ሰባት ደቂቃ! በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሰው ይወለዳል፣ ሰው ይሞታል። ጋሽ መቀስ በጠመኔው ሃያ ሦስተኛዋን ጭረት አሰመሩ፤ ጭረቷ ግን ተጣመመች። እስካሁን በቀልድ የሸፈኑት ፍርሃት ፊታቸው ላይ ወጥቷል።

«እስካሁን መውለድ ነበረባት» አሉ። «እናቷም በእሷ ጊዜ እንዲህ አልቆየች።»

ምን እንደምትላቸው ስትፈልግ ስልኩ እንደገና ጮኸ። እጇ ቀድሟት አነሳችው።

«ሃሎ፣ የቱ ጋ ነው የቆሙት? የይለፍ ቃሉ እምቢ አለዎት?»

«ኧ? የምን ይለፍ ቃል? እኔ የልጃቸው ባል ነኝ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ስደውል፣ ነርሶቹ እንኳ ሰለቹኝ! አባባ የሉም?»

የተቆረጠ ሱሪ የተከመረበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ልጃቸውስ? ደህና ናት?»

«ደህና ናት! ተገላግላለች! ሴት! ጩኸቷ እዚያ ድረስ አልተሰማችሁም?»

ጋሽ መቀስ ስልኩን ነጥቀው ገልብጠው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ አስተባባሪዋ አቃናችላቸው።

«ሴት? እናቷስ? እህል ቀመሰች? እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ! ቁመቷ ስንት ነው? እንዴት አላውቅም ትላለህ፣ አልለካችኋትም? ሃምሳ? ትከሻዋስ? አንተ ሰውዬ፣ ትከሻዋን ሳትለካ ምን ልስፋላት ነው!»

ከዚያ ስልኩን ዘጉ። ስፌት መኪናው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን በሜትራቸው ጫፍ ጠረጉ። አስተባባሪዋም በሱሪው እግር ጠረገች፤ የደንበኛ መሆኑን ያስታወሰችው ኋላ ነው።

ሠዓሊዋ የሰበሰበችውን ወረቀት በከረጢት ተሸክማ እያለከለከች ስትደርስ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ወሬውን ስትሰማ ጋሽ መቀስን አቅፋ ሳመቻቸው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ለአስተባባሪዋ አሳየቻት።

«አርሜዋለሁ እትዬ። ቁጥሩ ወጥቷል፣ ክፍት ቦታው ተመልሷል። እሺ ካሉኝ አሁኑኑ እናትማለን።»

አስተባባሪዋ ክፍት ቦታውን አየችው። ቀጥሎ ኮቱ ላይ የተደረደሩትን ጭረቶች አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለማያውቀው ሰው ለምን ደወለ?»

«የሚያውቁት የለማ!» አሉ ጋሽ መቀስ፣ ምኑ ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «ያለው ሰው ምን ብሎ እኔ ጋ ይደውላል?»

ሦስት ቡድን ሁለት ወር ሙሉ እያንዳንዷን ቃል ሲመዝን፣ ይቺን ክፍት ቦታ ማን ይሞላታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከከረጢቱ አንድ ወረቀት አወጣች። የጋሽ መቀስን ቁጥር በእስክሪብቶ ሰርዛ ከጎኑ የራሷን ጻፈች፤ ለሠዓሊዋ ዘረጋችላት።

«እትዬ!» አለች ሠዓሊዋ። «አብደዋል እንዴ? እኛ ስናስነጥስ እንቅልፍ የሚያጡ ሰው፣ የአገሩን ሁሉ ጭንቀት ሊሸከሙ ነው?»

«መጨነቄ ላይቀር ምክንያት ይኑረኝ።»

«ቢያንስ ሰዓት ይወስኑለት።»

ይሄስ ልክ ነው። ወረቀቱን መልሳ ወሰደችና ከቁጥሩ ሥር «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበች። አስተማሪዋ መነጽራቸውን ፍለጋ የፈጀባቸው ጊዜ ትዝ አላት። ስድስቱን ሰርዛ ሰባት አደረገችው።