መሃል ላይ የቀረው ነጥብ

ትምህርት ከተቋረጠ ወዲህ ኢክራም አንድ ሥራ ይዛለች። በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከእናቷ ሱቅ ደጃፍ ትቆምና ፀሐይ ላይ የሚታየውን ጥቁር ነጥብ ደብተሯ ላይ ትሥላለች። ያስጀመሯት ጎረቤታቸው የፊዚክስ መምህሩ ይሻው ናቸው። "ፀሐይም በራሷ ዙሪያ ትዞራለች፤ ሳይንቲስቶች ይህን ያወቁት ነጥቦቿን ቀን በቀን እየተከተሉ ነው" ብለዋታል። ብርሃኑን በቀዳዳ አሳልፋ ወረቀት ላይ እንድታየው መክረዋት ነበር፤ ነጥቡ አልታይ ቢላት ቀና ብላ ፀሐይዋን ራሷን ልታይ ተነሣች። ያኔ እናቷ ነጅሚያ፣ ሁልጊዜም ክፉ ነገር የሚታያት ነጅሚያ፣ የልጅቷ ዓይን እንዳይጎዳ ብላ የባሏን የደረት ራጅ ከሣጥን አወጣችላት። በግርዶሹ ጊዜ ደብረ ታቦር ሁሉ በራጅ አይደል ያየው?

በአሥረኛው ቀን መምህሩ ደብተሩን ገለጡ።

"አንቺ፣ ፀሐይን አቆምሻት እንዴ?" ብለው ሣቁ። ነጥቡ እስከ ሰባተኛው ቀን ከግራ ወደ መሃል ሲጓዝ ቆይቶ፣ ከዚያ ወዲያ ሦስቱንም ቀን መሃል ላይ ነው።

"ምን ላድርግ ጋሼ? እዚያው ነው ያለው። እንዲያውም ጠቁሯል።"

"አይሆንም። ከመሃል ተነሥቶ ቀኝ ዳር እስኪደርስ ሳምንት ይሄዳል። ዙሩን ለመጨረስማ ሃያ ሰባት ቀን ግድም..." አሉና ሣቃቸው ጠፋ። "በምንድን ነው የምታይው?"

ራጁን አሳየቻቸው።

"ግድግዳውን እይ እስኪ። ነጥቡ አለ?"

"አለ። አንቱም ፊት ላይ አለ።"

መምህሩ ቀስ ብለው ወደ ነጅሚያ ዞሩ። "ይሄ እኮ ድምቀቱን ነው የሚቀንሰው፤ የሚያቃጥለውን ጨረር አያስቀርም።"

"ያ አላህ! እኔ ነኝ የሰጠኋት! በእጄ!"

በማግስቱ የዓይን ሐኪሟ ልጅቷን መረመረችና የተቃጠለው ከዓይኗ ጀርባ፣ ልክ መሃሉ እንደሆነ ነገረቻቸው። "መድኃኒት የለውም። በጥቂት ወራት የሚሻለው አለ፤ እንዲሁ የሚቀርም አለ።" ነጅሚያ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

ይኸው መንፈቅ ሆነ። ኢክራም እናቷን ስታናግር ፊቷን ዘወር አድርጋ በጎን ታያታለች፤ ፊት ለፊት ከሆነ የእናቷ ፊት አይታያትም። መጀመሪያ ሰሞን ነጅሚያ በየጠዋቱ "ዛሬስ?" ትላት ነበር። አሁን መጠየቁን ትታለች።