ጥቆማዎ ተዘግቷል

እመት አራት ነጥብ ድምፃቸው ከጠፋ ሦስት ወር ሆነ። ፕሮግራም ሠሪው በዓይኑ አይቷቸው አያውቅም፤ ስሙንም ያወጣላቸው እሱ ራሱ ነው። የሚያውቀው የአንድ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆናቸውን ብቻ ነው። ከሥራ መልስ እየሠራ ለፈለገው ሁሉ በነጻ የሚያድለውን የመጻሕፍት መመዝገቢያ ሶፍትዌር እንደሳቸው አብጠርጥሮ የሚፈትሽለት አልነበረም። ስህተት ባገኙ ቁጥር ይጽፉለታል፤ ዓረፍተ ነገራቸውን ሁሉ ደግሞ ጥንቅቅ አድርገው በአራት ነጥብ ይጨርሳሉ።

ሰኞ አዲሱ እትም ለአርባ ቤተ መጻሕፍት ሊለቀቅ ነው። ሌላው ተጠቃሚ «አሪፍ ነው» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ያላዩትን እትም ለቆ ስለማያውቅ ዝምታቸው እንቅልፍ ነሳው።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ስልኳን ልታሠራ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

ነገራት።

«አስቀይመሃቸው እንዳይሆን?»

«እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ! የመጨረሻ ጥቆማቸውን በዚያው ቀን ነው ያስተካከልኩት። ‹ፀሐይ› ብለው ሲፈልጉ፣ በ‹ጸ› የተመዘገበውን መጽሐፍ የለም ይላቸው ነበር። ማሳወቂያም ደርሷቸዋል፤ ይኸው።»

እህቱ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ጥቆማዎ ተዘግቷል። ለዚህ መልእክት መልስ አይስጡ።»

ቀና ብላ አየችው። «እስቲ ንገረኝ፣ ሱቄ በር ላይ ‹ተዘግቷል› የሚል ብታይ ምን ታደርጋለህ?»

«እመለሳለኋ።»

«እሳቸውም ተመለሱ።»

ማሳወቂያውን እንደገና አነበበው። ለሱ «ተዘግቷል» ማለት ሥራው አለቀ፣ እሰይ ማለት ነበር። ያችን ቃል አምስት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ደግ ሰው ሲልክ እንደኖረ ሲያስበው ከልቡ አፈረ።

«እትዬ፣ ‹ተፈቷል› ልበል?»

«ከእስር ነው ከትዳር?» ብላ ሳቀች። «እንደ ሰው ጻፍ እንጂ!»

ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ከእንግዲህ የሚልከው ማሳወቂያ እንዲህ እንዲል አደረገ፦ «የጠቆሙን ስህተት ተስተካክሏል። ያገኙልን እርስዎ ነዎት፤ እናመሰግናለን። ሌላም ካለ ይጻፉልን፣ እናነባለን» የአዲሱን ማሳወቂያ የመጀመሪያ ቅጂም ከይቅርታ ጋር ለእመት አራት ነጥብ ላከላቸው።

እሑድ ከሰዓት መልሳቸው ገባ። «የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ሰው ላለማስቸገር ያገኘሁትን ሁሉ በደብተር ስጽፍ ቆየሁ። ሃያ ሦስት ነበሩ። ዛሬ ሃያ አራት ሆኑ።»

ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ለእህቱ ደወለ። «ሃያ አራት ስህተት!»

«ታዲያ የነገውስ?»

«ይቆያላ!»

ስልኩን ሳይዘጋ ከመልሳቸው ጋር አያይዘው የላኩለትን ዝርዝር ከፍቶ ቁልቁል ወረደ። ሃያ አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «አዲሱ ማሳወቂያዎ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የለውም።»