ባለሲባጎዋ መስኮት

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? አትሞክሩት። እኔ ሞክሬዋለሁ። ባለቤቴ ጉዲና አጠገቤ ተቀምጧል፤ በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ያፏጫል። ሐኪሟ ገና አሁን «ሳንባቸው ተጎድቷል፣ ንጹሕ አየር ያስፈልጋቸዋል» ብላን ነው የወጣነው። እኔም መስኮቱን ሳብ አደረግኩት። አቤት! መኪናው ተንጫጫ። «እማማ፣ ብርድ ሊያስመቱን ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ «ኧረ ምች ይመታናል!» አለች። የናፍጣው ሽታ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ፣ እርስ በርስ የተደራረበው ሰው ትንፋሽ ምንም አላላቸውም። ልክ ልካቸውን ልነግራቸው አፌን ስከፍት መስኮቱን ማን ቢዘጋው ጥሩ ነው? ራሱ ጉዲና።

«ጉልበትሽን ይነካሻል» አለኝ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ከጉልበቴ ነው። ቁርጥማት አለብኝ። የሮቤን ብርድ የማያውቅ ሰው ሲያዝንልኝ ደስ አይለኝም፤ የሚያውቅ ደግሞ ማዘን አያስፈልገውም፣ እሱም ያመዋል። ያኔ ቤቷን እንደሠራናት፣ ጉዲና ከሥራ ሲገባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴን አቅፌ ሳለቅስ አገኘኝ። አናጢ ነው፤ አናጢ ሲያዝን መዶሻ ነው የሚያነሣው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀዳዳ ማደን ያዘ። ግድግዳውን በጭቃና በስንዴ ገለባ ደግሞ ደጋግሞ መረገው። ኮርኒሱን በማዳበሪያ ከረጢት ደራርቦ ወጠረው። የበሩን ሥር በጎማ ዘጋ። መስኮቱን ግን ጭራሽ በምስማር መታው፤ እንደ ሬሳ ሣጥን ስል ተቆጣኝ።

ቤታችን ሞቀች፣ አልዋሽም። ሌላው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሰል ሲጨምር እኛ ማታ አንድ ማንደጃ አስገብተን እስኪነጋ እንሞቅ ነበር። ከሰል የምትሸጠው ጎረቤታችን ጁሀራ እንኳ «እናንተ ቤት ሙዝ ይበቅላል፤ እኔን ግን ከገበያ አስወጣችሁኝ» እያለች ትቀልድብን ነበር። ጎሮ ከተማ ያገባችው ልጃችን ኡርጂ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ገዝታ አመጣችልን። ጉዲና ሰካውና ወጥቶ ቆጣሪውን ሲያይ ቆየ። «ይሄ እኮ ከኔ ይበልጥ ይሮጣል» ብሎ ነቅሎ መለሰላት። ብርድ ሲከፋ ሥራውንም ቤት ውስጥ አደረገው፤ መላጉም፣ ቫርኒሹም፣ ብናኙም እዚያው ከኛ ጋር ያድራል። ጠዋት ራሴን ሲያመኝ «ቡና ስላልጠጣሽ ነው» ይለኛል። እሱ ሲያስለው ደግሞ እኔ «ጉንፋን ነው» እለዋለሁ። ሁለታችንም ሐኪም ነበርን፣ ምን ቸገረን!

የጎባዋ ሐኪም ግን ልጅ ብትሆንም አልሸነገለችንም። «የከሰሉ ጭስና የእንጨቱ ብናኝ ነው የጎዳዎት» አለችው። «የተበላሸው አይመለስም። የቀረውን ግን ማቆየት እንችላለን። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ ፍም ሲሆን አስገቡ፤ ፍም ቢሆንም መርዝ አለው፣ ከመተኛታችሁ በፊት መልሳችሁ አውጡት። ሥራዎን ደጅ ያድርጉ። ሌሎቹን ቀዳዳዎች እንደተደፈኑ ተዉአቸው፣ ሙቀቱን ይያዙላችሁ። ከላይ ግን ከጣሪያው ሥር አንድ ትንሽ መተንፈሻ ይኑር፣ ሌሊትም ክፍት ይደር።»

ጉዲና ራሱን ነቀነቀ። ቤት ስንገባ ግን የምን መተንፈሻ!

«ለኔ ሳንባ ብለን ያንቺን ጉልበት እንግደለው?»

«ጉልበት ሰው አይገድልም!» ብዬ ጮህኩበት። «አንተ ስሚንቶ ራስ! አንተ ከሌለህ ሙቀቱ ምን ሊሠራልኝ ነው? ከግድግዳው ጋር ላወራ ነው?»

ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ ከደጅ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ።

አንድ ጊዜ ገፋ ያደርጋል፣ ይቀመጣል፣ ይተነፍሳል። ደግሞ ይነሣል። ጁሀራ አይታው አላስችል አላት። «ጋሼ ጉዲና፣ ወጣት ልጥራልዎት፣ በአላህ» አለችው። «ዲሲ፣ ተይው» አላት በእጁ እየመለሳት፤ «የራሴን ቀዳዳ ሌላ ሰው አይበሳልኝም።» ስንትና ስንት በር በአንድ ቀን የሚገጥም ሰው ለአንዲት የመጽሐፍ ስፋት ለማታክል መስኮት ሳምንቱን ፈጀ። ግን ምን ዓይነት መስኮት! ጠርዟን በጎማ ከበባት፣ ስትዘጋ ጠብታ ነፋስ አታሳልፍም። ከጣሪያው ሥር ገጠማትና ሲባጎ አሰረላት። ሲባጎው ተስቦ ግድግዳው ላይ ባለችው ምስማር ሲጠመጠም ትከፈታለች፤ ሲፈታ በራሷ ክብደት ትዘጋለች። ተኝተን እንድንከፍታት ምስማሯን ከአልጋው ራስጌ መታት። ሠርቶ ሲጨርስ እንደ ልጅ ሦስቴ ከፍቶ ዘጋት።

ከዚያ ጦርነታችን ተጀመረ። ማታ እከፍታለሁ፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ይዘጋል። ጠዋት ገና ዐይኔን ሳልገልጥ አውቅበታለሁ። ክፍት ካደረች ጉልበቴ ድርቅ ብሎ ያመኛል፣ ተዘግታ ካደረች አያመኝም።

«ዘጋኸው አይደል?»

«ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ ሲባጎ ይፈታል?»

ይስቃል፣ ሳቁ ሳል ይሆናል፣ እኔም ንዴቴን ትቼ ጀርባውን አሻለሁ። ሲበዛብኝ ምስማሯን ነቅዬ በኔ በኩል መታኋት፣ መዝጋት ቢፈልግ በኔ ላይ ተንጠራርቶ እንዲሆን። ኡርጂ ልትጠይቀው ስትመጣም ፊቷ አስማልኩት። «ኡርጂ ትሙት፣ ሁለተኛ አልዘጋም» አለ። ልጅቷ «እኔን ለምን ትጨምሩኛላችሁ?» ብላ ሳቀች።

ቃሉን ጠበቀ። እግዜር ይስጠው፣ ደህና ሰነበተ። ተቀምጦ ያድር የነበረው ሰው ጋደም ብሎ መተኛት ቻለ። ፉጨቱ ቀነሰ። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ ከጁሀራ ጋር ይጨቃጨቃል። ድምፁ ከደጅ ሲመጣ እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ጠዋት ጠዋት ጉልበቴ እንደ ጉድ ያመኛል፤ እኔ ግን ሲያመኝ ደስ ይለኛል። አመመኝ ማለት መስኮቷ ክፍት አደረች ማለት ነው፤ ጉዲና ሲተነፍስ አደረ ማለት ነው። ሰው በሕመሙ ይደሰታል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከዚያ ያ የሐምሌ ብርድ መጣ። ቀኑን ሙሉ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ዋለ። ማታ እራት ሳቀርብ ጉልበቴ ከዳኝና ግድግዳውን ያዝኩ፤ ወይኔ የሚል ድምፅም ሳላስበው አመለጠኝ።

«ማል ታቴ?» አለኝ። ሲደነግጥ በኦሮምኛ ነው። ምን ሆንሽ ማለቱ ነው።

«ምንም አልሆንኩ። ብላ።»

ብዙ አልበላም። ጉልበቴን ሲያይ አመሸ። ማንደጃውን አውጥቼ፣ ሲባጎውን ምስማሯ ላይ ጠምጥሜ፣ «ምለሃል» አልኩት። «ምያለሁ» አለኝ። ተኛሁ።

ጠዋት ነቃሁ። ጉልበቴን አላመመኝም።

ሙቅ ነው፣ ልስልስ ብሏል፣ እንደ ልጃገረድ ጉልበት። ወዲያው ንዴቴ መጣ፤ ፊቴን እንኳ ሳላዞር ጀመርኩት። «ዘጋኸው አይደል? በልጅህ ምለህ? አንተ ቃልህን የማታውቅ፣ አንተ…» ነፋስ ይሆናል እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለኝም። ክንዱ በደረቴ ላይ እንደተጋደመ ነው፤ በኔ ላይ ተንጠራርቶ ኖሯል። የሲባጎው ጫፍ ጣቶቹ መሐል አለ። የራሱን ብርድ ልብስ ለሁለት አጥፎ ጉልበቴ ላይ ጥሎታል። እሱ በሸሚዝ ነው። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል።

ጉዲና! ጉዲናዬ! ማን ሙቀት ለመነህ?

ለቅሶ ቤት በሩ አይዘጋም። ሰው ሲገባ ሰው ሲወጣ፣ ስንት ዓመት ቀዳዳዋ የተደፈነላት ቤት ወለል ብላ ተከፍታ ሰነበተች። ነፋሱ እንደ ልቡ ገባ፤ መስኮቷንም መልሼ ከፍቻታለሁ። ድንኳኑ ሲነሣ ጁሀራ ቤቱን ልታስተካክል ገብታ ወደ ሲባጎው እጇን ሰደደች። «ልዝጋልሽ እቴ፣ ብርድ ይመታሻል» አለችኝ። እንዴት እንደጮህኩባት! ደንግጣ ተወችው፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አብራኝ አለቀሰች።

አሁን ማታ ማታ እኔው እከፍታለሁ። ሲባጎውን ምስማሯ ላይ እጠመጥማለሁ፣ «ምለሃል» እላለሁ፣ እተኛለሁ። ጠዋት ጉልበቴ ያመኛል። ቀና ብዬ ምስማሯን አያለሁ። ሲባጎው ማታ እንደጠመጠምኩት ነው። ማንም አልነካውም።