አበልጅ

ስለሺ ሶሻል ወርክ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፀጉሩ ሸብቷል። ጠዋት ዴንቨር ይማራል፣ ከሰዓት ከመኪና ማቆሚያ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሦስት ታክሲ ያለው ለገሠ ባየው ቁጥር፣ «ተማሪው! የቤት ሥራህን ሠራህ?» እያለ ሰው ያስቅበታል። ይችን ሳቅ አምስት ዓመት ዋጣት። አሁን የቀረው የተግባር ልምምዱ ብቻ ነው፤ እሱን ካልጨረሰ ዲግሪ የለም።

የሚለማመድበት ቢሮ፣ ፒዮሪያ ስትሪት የምትኖር ውድነሽ የምትባል አራስ እንዲረዳ ሰጠው። ባሏ ጥሏት ሄዷል። ፎርሟን ይሞላል፣ ሐኪም ቤት ያደርሳታል።

የልጇ አርባ ቀን ደረሰ። ክርስትና ሊያነሳላት ቃል የገባውን ሾፌር ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ያዘው።

«የክርስትና አባቱ የታለ?» አሉ ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ።

እናትና ልጁን በመኪና ያመጣው ስለሺ ጥግ ቆሟል። ውድነሽ ስለሺን አየችው። ሊያስቀድስ የመጣው ለገሠም አየው። በቢሮው ደንብ ከተረጂ ጋር ዝምድና ክልክል ነው፤ ስለሺ ፈርሞበታል። ግን ለገሠ ፊት አንድ ቀን እንኳ ሰው ሆኖ መቆም አማረው። ሄዶ ልጁን ታቀፈ።

በሦስተኛው ሳምንት አለቃው ሊዲ ቢሮዋ ጠራችው። እዚሁ የተወለደች የጴንጤ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከእሱ በግማሽ ያንሳል።

«ጋሽ ስለሺ፣ ውድነሽ ‹አበልጄ ነው› አለችኝ። አበልጅ ምንድነው?»

‹ጎረቤት› ቢላት ባለፈ ነበር።

«ልጇን ክርስትና አንስቼ ነው።»

«ሶ፣ ፋሚሊ ሆናችኋል?»

«ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል!» ኩራቱ አፉን ቀደመው።

ሊዲ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ካንስል ማድረግ አይቻልም?»

«ክርስትና ካንስል ይደረጋል እንዴ፣ ልጄ?»

«አይ አም ሶሪ፣ ጋሽ። ሪፖርት ማድረግ አለብኝ።»

ጋሽ መባሉ አልጠቀመውም። የሠራው የልምምድ ሰዓት በሙሉ ተሰረዘ፤ ዩኒቨርሲቲውም አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። መባረሩን ለውድነሽም አልነገራትም።

አንድ ቀን ሻትሉን አቁሞ መንገደኛ ሲጠብቅ ደወለች።

«አበልጅ፣ አዲስ ሴትዮ ላኩብኝ። አማርኛ አትችልም፤ ወረቀት ጥላልኝ ሄደች። እርስዎ ሲመጡ ይሞሉልኛል ብዬ አስቀምጬዋለሁ።»

‹እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘሽው ነይ› ሊላት ሲል የለገሠ ‹ተማሪው!› ትዝ አለው።

«አስቀምጪው» አላትና የመንገደኛ ሻንጣ ሊጭን ወረደ።